በቮልትና በአምፔር ብቻ የምጣዳችሁን ኦምና ዋት ማወቂያ መንገድ

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «ምጣዴ ብሬከር ይጥላል፤ ባለ ስንት ብሬከር ላስገባ?» እኔም መልሼ «ምጣዱ ስንት አምፔር ይስባል?» እላለሁ። ዝም ይባላል። ከዚያ «ሲሸጥልኝ 3,500 ዋት ነው ብሎኛል» የሚል ይመጣል። ሻጩ የተናገረው ዋትና ምጣዱ ዛሬ የሚበላው ዋት ግን ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ጠያቂ ሲመጣ ይህንኑ እልካለሁ።

ስሌቱን ከአንዲት ጎረቤቴ ምጣድ ላይ በወሰድኳቸው ቁጥሮች ነው የማሳያችሁ። የእሷ ነገር ግራ ያጋባ ነበር፦ ቀን ስትጋግር አራተኛው አምስተኛው እንጀራ ላይ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ማታ ስትጋግር ግን ሊጡ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ፤ ዘላችሁ እንዳትሄዱ ግን፣ ያለ ልኬቱ አይገባችሁም።

የሚያስፈልጉን ሁለት ስሌቶች

ኦም = ቮልት ÷ አምፔር
ዋት = ቮልት × አምፔር

ቮልት መስመሩ የሚገፋበት ጉልበት ነው። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የከረንት መጠን ነው። ኦም ደግሞ ሽቦው ከረንቱን የሚገታበት መጠን፣ ማለትም ሬዚስታንሱ ነው። ከእነዚህ የሚወጣ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ፤ አምፔር ሳይኖራችሁ ኦም ብቻ ካወቃችሁ፦ ዋት = ቮልት × ቮልት ÷ ኦም። ይህን ደረጃ 1 (ዋቱንና ኦሙን ቦታ አቀያይረን) እና ደረጃ 5 ላይ እንጠቀምበታለን።

የምትይዙት ዕቃ

- ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን ሳይቆርጥ ከውጭ በአፉ ይዞ አምፔር የሚለካ መሣሪያ፣ በተለዋዋጭ ከረንት (ኤሲ) የሚሠራ። አብዛኞቹ ቮልትና ኦምም ስለሚለኩ ሌላ መልቲሜትር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ላዩ ላይ «ካት 3፣ 600 ቮልት» የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ፤ ይህ ምልክት መሣሪያው የቤት መስመር ላይ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ቢመጣ እጃችሁ ላይ እንዳይፈነዳ ተደርጎ መሠራቱን ይናገራል።
- የመለኪያ ጭራ። ይህን ራሳችሁ ታዘጋጃላችሁ፦ ባለ 16 አምፔር መሰኪያ፣ 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት የተለያዩ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦዎች፣ ጫፉ ላይ ሁለት መሰኪያ ጎን ለጎን የሚቀበል ሶኬት። ሽቦዎቹ የየራሳቸው ፕላስቲክ ይኑራቸው እንጂ አንድ ላይ አይጠቅለሉ። ክላምፑ አንዷን ብቻ መያዝ ስላለበት ነው።
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ጫፉ ላይ መብራት የምታበራው የቴስተር ካቻቢቴ መለኪያ አይደለችም። መስመር አለ ወይም የለም ትላለች እንጂ 180 ይሁን 220 አትነግራችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወለሉ ደረቅ ይሁን፤ ጫማ አድርጉ። ሊጥ የነካ እጅ ታጥቦ ሳይደርቅ መሣሪያ አይያዝ። ምጣዱ በመሰኪያ ሳይሆን በቀጥታ ከመስመር ጋር የታሰረ ከሆነ የመለኪያ ጭራው አይሠራላችሁም፤ የብሬከር ሳጥን ከፍቶ መለካት የባለሙያ ሥራ ነው፣ እናንተ ሦስቱን ቁጥሮች (ተነቅሎ ያለውን ኦም፣ በርቶ ያለውን ቮልትና አምፔር) እንዲሰጣችሁ ብቻ ጠይቁት። የቆጣሪ ማኅተም በምንም ምክንያት አይነካም።

ሌላው ትልቁ አደጋ የመልቲሜትሩ ቀዳዳ ነው። «10 አምፔር» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ቀዩ ገመድ ተሰክቶ እያለ የሶኬት ቮልት ብትለኩ፣ መሣሪያው ውስጡ ቀጥታ ሽቦ ስለሆነ ፌዙንና (ከረንቱ የሚመጣበትን ሽቦ) ኒውትራሉን (የሚመለስበትን) አገናኛችሁ ማለት ነው። እኔ ገና ስጀምር ይህን አድርጌያለሁ። አንድ ብልጭታ፣ አንድ ጩኸት፣ የገመዱ ጫፍ እንደ ሻማ ቀለጠ፤ መሣሪያውም ዳግም አልበራም። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ቀዩ ገመድ የት እንደተሰካ በጣቴ ነክቼ ነው የማረጋግጠው። ምጣድ ደግሞ ከ10 አምፔር በላይ ስለሚስብ በዚያ ቀዳዳ ፈጽሞ አይለካም፤ በክላምፕ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ምጣዱ ምን መሆን እንዳለበት አስሉ

ማብሪያው አጠገብ ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የጎረቤቴ ላይ «220 ቮልት፣ 3,500 ዋት» ይላል። ከዚህ፦

220 × 220 ÷ 3,500 = 13.8 ኦም
3,500 ÷ 220 = 15.9 አምፔር

እነዚህን ወረቀት ላይ «መሆን ያለበት» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ በኋላ የምታገኙት ቁጥር ጥሩ ይሁን መጥፎ የምታወዳድሩበት የላችሁም።

ደረጃ 2፦ ምጣዱ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከመስመር ተነቅሎ፣ ኦሙን ለኩ

መሰኪያውን ንቀሉ። መሣሪያውን ኦም ላይ አድርጉ፤ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካኩና የሚያሳየውን ጻፉ። ብዙ ጊዜ 0.2 ወይም 0.3 ይላል፤ የገመዶቹ የራሳቸው ሬዚስታንስ ነው፣ ከውጤቱ ይቀነሳል። ለትልቅ ኦም ግድ የለውም፤ ለምጣድ ግን ልዩነት ያመጣል።

የምጣዱን ማብሪያ «በርቷል» ላይ አድርጉ (ብዙ ሰው ይህን ይረሳና «ሽቦው ተበጥሷል» ይላል)፣ ከዚያ የመሰኪያውን ሁለት እግሮች ለኩ። ጎረቤቴ ቤት 11.5 አነበብኩ፤ 0.3 ሲቀነስ 11.2 ኦም። ከ13.8 በጣም ያነሰ ነው። እዚህ ላይ መጠርጠር ጀመርኩ፤ ግን አልፈረድኩም፣ የምጣድ ሽቦ ሲግል ኦሙ በጥቂት በመቶ ከፍ ስለሚል።

መሣሪያውን ሳታነሱ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ በመሰኪያው የግራውንድ እግርና በምጣዱ ብረት አካል መካከል ለኩ፦ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በሌሎቹ እግሮችና በብረቱ መካከል ለኩ፦ ምንም ቁጥር ማንበብ የለበትም (ዜሮ ካለ ተገናኝተዋል ማለት ነው)። ካነበበ ወደ ደረጃ 3 አትሂዱ። ሸክላ እርጥበት ይጠጣል፤ የተቃጠለ ሽቦ ደግሞ ብረቱን ሊነካ ይችላል፣ ያ ምጣድ ኤሌክትሪክ ያስይዛል።

ደረጃ 3፦ ቮልቱን ሁለት ጊዜ ለኩ

የመለኪያ ጭራውን ሶኬቱ ላይ ሰኩ። ምጣዱን በአንዱ ቀዳዳ ሰኩ፣ ግን ገና አታብሩት። መሣሪያውን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በሁለተኛው ቀዳዳ ለኩ። እኛ ያገኘነው 216 ቮልት ነበር፤ ጊዜው ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ምጣዱን አብሩና ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሽቦው ይጋል። እንደገና ለኩ። 204 ቮልት ሆነ።

ለስሌታችን የምንጠቀመው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ብትጠቀሙ ምጣዱ ያላገኘውን ቮልት ነው የምትቆጥሩለት። 12 ቮልቱ በመንገድ ላይ፣ በኬብሉና በመገጣጠሚያው ቀርቷል። ሰው ሁሉ «220» ብሎ የሚያሰላው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ደረጃ 4፦ አምፔሩን በክላምፕ ያዙ

ምጣዱ እንደበራ፣ ክላምፑን ኤሲ አምፔር ላይ አድርጉና ከጭራው ሦስት ሽቦዎች የፌዟን ብቻ አፉ ውስጥ አስገቡ። ፌዝና ኒውትራል አንድ ላይ ከያዛችሁ ዜሮ ያነባል፤ በአንዱ የሄደው በሌላው ስለሚመለስ ይጣፋሉ። አፉ ሙሉ በሙሉ መገጠሙንም እዩ። ቁጥሩ ሲረጋ ጻፉ። እኛ ጋ፦ 17.4 አምፔር።

ወዲያው ምጣዱን አጥፉና ጭራውን ንቀሉ። 17.4 አምፔር ከ16ቱ ሶኬት አቅም በላይ ነው፤ ለሦስት አራት ደቂቃ ልኬት ይችለዋል፣ ሊጥ እስኪያልቅ ግን አይደለም። ስትነቅሉ መሰኪያው ትኩስ ከሆነ ያንንም ጻፉ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ደረጃ 5፦ አስሉ፣ ከዚያ አወዳድሩ

ኦም፦ 204 ÷ 17.4 = 11.7
ዋት፦ 204 × 17.4 = 3,550

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ዋቱን ብቻ ያየ ሰው «3,500 ተብሎ ነበር፣ 3,550 ነው፣ ምጣዱ ጤነኛ ነው» ብሎ ይሄዳል። ስህተት ነው። ኦሙ የምጣዱ የራሱ ነው፤ መስመሩ ቢደክምም ቢበረታም ያው ነው ማለት ይቻላል። ዋቱ ግን የምጣዱና የመስመሩ የጋራ ውጤት ነው፣ ቮልቱ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። ስለዚህ የምጣዱን ጤንነት የምትፈርዱት በኦሙ ነው። 13.8 መሆን የነበረበት 11.7 ሆኗል፤ ወደ 15 በመቶ ጎድሏል።

ሽቦ ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል። ጠየቅኳት። ባለፈው ዓመት ሽቦው ተቃጥሎ አንድ ጠጋኝ የተቃጠለውን ቆርጦ፣ የቀረውን ስቦ፣ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ሰጥቷታል። «ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይግልልኛል» ብላ ደስ ብሏት ነበር።

አሁን የቀኑንና የማታውን እንቆቅልሽ እንፍታ። ቀን ላይ ሠፈሩ ሁሉ ሥራ ሲሄድ የእሷ ሶኬት ምጣዱ በርቶም 220 ያገኛል እንበል፦

220 ÷ 11.7 = 18.8 አምፔር
220 × 220 ÷ 11.7 = 4,137 ዋት

ብሬከሯ ባለ 16 ነው። የቤት ብሬከር ልክ 16ን እንዳለፈ አይወርድም። ደረጃው እንዲህ ነው፦ እስከ 1.13 እጥፍ (ለባለ 16ቱ 18.1 አምፔር) ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ መቆየት አለበት፤ 1.45 እጥፍ (23.2 አምፔር) ላይ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። በመካከላቸው ያለው እንደ ብሬከሩ ሙቀት ነው። ማታ 17.4 አምፔር ከ18.1 በታች ነው፤ አይወርድም። ቀን 18.8 ከ18.1 በላይ ነው፤ ብሬከሩ ቀስ ብሎ ይሞቅና አራተኛው አምስተኛው እንጀራ ላይ ይወርዳል። ብሬከሩ አልተበላሸም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ባለ 25 ብሬከር ብታስገባ ኖሮ ጩኸቱ ይቆማል፤ የግድግዳው ሽቦ ግን ዝም ብሎ መሞቁን ይቀጥላል።

ደረጃ 6፦ በቆጣሪው አረጋግጡ

ልኬታችሁን የምታምኑበት ቀላል መንገድ አለ፤ ክላምፕ ለሌላችሁም ይሠራል። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል፤ አንዳንዱ 1,000፣ ሌላው 1,600 ይላል። ፍሪጁን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ አጥፉ፣ ምጣዱን ብቻ አብሩ። የመጀመሪያዋ ብልጭታ ላይ «ዜሮ» ብላችሁ ሰዓት አስነሱ፣ 20 ላይ አቁሙ። («አንድ» ብላችሁ ከጀመራችሁ በአንድ ብልጭታ ትሳሳታላችሁ።)

ዋት = 3,600,000 × የብልጭታው ብዛት ÷ (የተጻፈው ቁጥር × ሰከንድ)

እኛ ጋ ቆጣሪው 1,000 ይላል፣ 20 ብልጭታ 20 ሰከንድ ፈጀ፦ 3,600,000 × 20 ÷ (1,000 × 20) = 3,600 ዋት። ከ3,550 ጋር የ50 ዋት ልዩነት ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ባለው ሽቦ ላይ የሚባክነውም እዚህ ውስጥ ስለሚቆጠር ይጠበቃል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ግን ወይ ያላጠፋችሁት ዕቃ አለ፣ ወይ ክላምፑን በደንብ አልዘጋችሁትም።

ደረጃ 7፦ ሽቦውን፣ ብሬከሩንና መሰኪያውን ወስኑ

የምጣድ ሽቦው ካጠረ መፍትሔው ሽቦውን መለወጥ ነው። ስትገዙ «የምጣድ ሽቦ» ብቻ ብላችሁ አትግዙ፤ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ላይ ለኩት። ለ3,500 ዋት ቀዝቃዛው 13 ኦም አካባቢ ይሁን። ወደ ሸክላው ቦይ ስታስገቡ ጥምዝምዙን እኩል ዘርጉት፤ የተጠጋጋበት ይቃጠላል፣ የተሳበበት ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

በግድግዳ ቧንቧ ውስጥ ለሄደ የመዳብ ሽቦ በአብዛኛው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ከባለ 20 ብሬከር አይበልጥም፤ 4 ሚሊሜትር ካሬ እስከ ባለ 25 ይሄዳል። እኔ ለምጣድ ሁልጊዜ 4 ሚሊሜትር ካሬ በባለ 20 ብሬከር ነው የምዘረጋው። ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ሳያርፍ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ሽቦው መሞቅ የለበትም።

መሰኪያው ትኩስ ነበር ብላችሁ ከሆነ የጻፋችሁት፣ ስሌቱ ይኸውላችሁ። በአንድ ልል መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣው ሙቀት አምፔር × አምፔር × ኦም ነው። የላላ ብሎን 0.2 ኦም ብቻ ቢይዝ፦ 17.4 × 17.4 × 0.2 = 60 ዋት። የድሮዋ 60 ዋት አምፖል ሶኬታችሁ ውስጥ በርታ እንደማለት ነው፤ ፕላስቲኩ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ምጣድን በዲቫይደር የምትሰኩ ደግሞ፦ 20 ሜትር ርዝመት ያለው 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ማራዘሚያ ሄዶ መልስ 0.48 ኦም ያህል አለው። በ16 አምፔር 123 ዋት ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይቀልጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ሚሊአምፔርን ሳይቀይሩ ማስላት። 350 ሚሊአምፔር 0.35 አምፔር ነው። 12 ቮልት የሶላር መብራት «4,200 ዋት ይበላል» ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ፤ 4.2 ዋት ነው።

የድሮ አምፖልን በቀዝቃዛው ኦም መፍረድ። 100 ዋት አምፖል ሲበራ 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ስትለኩት ግን አሥር እጥፍ ያህል ያነሰ ታነባላችሁ። ውስጡ ያለው የተንግስተን ክር ከምጣድ ሽቦ በተለየ ሲግል ኦሙ በጣም ያድጋል። እንዲህ ላለው ዕቃ ቮልትና አምፔር በርቶ እያለ ለክቶ ማካፈል ብቻ ነው።

ፍሪጅን፣ የውኃ ፓምፕንና ሌላ ሞተር ያለውን ዕቃ በዚህ ስሌት መለካት። ሞተር ላይ ቮልትና አምፔር አብረው አይነሡም፤ ስለዚህ ቮልት × አምፔር ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል። ለእነሱ የደረጃ 6 የቆጣሪ ዘዴ ይሻላል። የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ላይም ኦም አትፈልጉ፤ ውስጣቸው ያለው ሰርኪት ከረንቱን ራሱ ስለሚቆጣጠር ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

መስመር ላይ ያለ ዕቃን ኦም መለካት። መሣሪያው ወይ ይቃጠላል፣ ወይ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ኦም ሁልጊዜ ተነቅሎ ነው።

በቤት መስመር የለመደ ክላምፕ ለሶላር ባትሪ መጠቀም። ኤሲ ብቻ የሚለካው ክላምፕ ባትሪ ላይ ዜሮ ያሳያል። ለትንንሽ የባትሪ ዕቃ፣ ከ10 አምፔር በታች ከሆነ፣ አንዱን ሽቦ ነቅላችሁ መልቲሜትሩን መካከል አስገቡ፤ እንደጨረሳችሁ ግን ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱ።

ደረጃ 8፦ ከጠገናችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ

የጎረቤቴ ምጣድ አዲስ ሽቦ ከገባለት በኋላ፣ በዚያው በምሽቱ ሰዓት፦ 205 ቮልት፣ 14.9 አምፔር። ኦም 13.8፣ ዋት 3,054። ቀን ላይ ብሬከሩ ወርዶ አያውቅም። ቁጥሮቹን ከነቀኑ ካርቶን ላይ ጽፌ ማብሪያው አጠገብ ለጠፍኩላት፤ በዓመቱ ተለክቶ ኦሙ ከተለወጠ ሽቦው ወይ መገጣጠሚያው እያረጀ ነው።

በሳምንቱ ደውላ ምን አለች? «ማታ ማታ ምጣዱ ዘገየብኝ፤ የድሮውን ሽቦ ጥለኸዋል እንዴ?» ካርቶኑን እንድታነበው ነገርኳት። ለማታ 3,054 ነው የሚለው፤ ቀን በ220 ሲሆን 3,500 ይደርሳል። አሁን የምትጋግረው ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ነው።